በሁለት መስተዋቶች መካከል፦ እጅግ የቀዘቀዙ አቶሞች በብርሃን አማካኝነት እንዴት ይተባበራሉ?

ክቡራንና ክቡራት፣

ጋዝ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው እርስ በርሳቸው ግድ የሌላቸው ቅንጣቶች ስብስብ ነው። አንዱ አቶም የሌላውን መኖር የሚያውቀው ሲጋጨው ብቻ ነው፤ ከግጭቱ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በየፊናቸው ይጓዛሉ። ዛሬ የምናገርበት ጋዝ ደግሞ በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ውስጥ 100 ትሪሊዮን ያህል አቶሞችን ብቻ የያዘ፣ ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ የሳሳ ጋዝ በመሆኑ አቶሞቹ ከማናቸውም ጋዝ ይልቅ ብቸኞች መሆን ነበረባቸው። ይሁን እንጂ ይህንኑ ጋዝ ፊት ለፊት በተጋጠሙ ሁለት እጅግ የጠሩ መስተዋቶች መካከል አድርገን ከጎኑ ሌዘር ስናበራበት፣ እያንዳንዱ አቶም ከሌሎቹ ሁሉ ጋር፣ ቅርብና ሩቅ ሳይለይ፣ መገናኘት ይጀምራል። አገናኙ በመስተዋቶቹ መካከል የሚመላለሰው ብርሃን ነው። ፊዚክሰኞች ይህን የመስተዋት ጥንድ ካቪቲ ይሉታል፤ እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

በአብዛኞቹ የቀዝቃዛ አቶም ሙከራዎች ብርሃን መሣሪያ ነው። አቶሞችን ያቀዘቅዛል፣ ባሉበት ይይዛል፣ ምስላቸውንም ያነሣል፤ አቶሞቹ በበኩላቸው በብርሃኑ ላይ የሚያደርሱት ለውጥ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በካቪቲ ውስጥ ይህ የአንድ ወገን ግንኙነት ያበቃል። ብርሃኑ አቶሞቹን ያንቀሳቅሳል፣ የተንቀሳቀሱት አቶሞች ብርሃኑን ይለውጣሉ፣ የተለወጠው ብርሃን ደግሞ ተመልሶ አቶሞቹን ያንቀሳቅሳል። ከመስተዋቶቹ ጥቂት ብርሃን ዘወትር ሾልኮ መውጣቱም የማይቀር ነው። በዚህ ንግግር ላስረዳ የምፈልገው ይህ ሾልኮ የሚወጣ ብርሃን እንደ ብክነት ብቻ መታየት እንደሌለበት ነው፤ እንደ እኔ አመለካከት የዘርፉ ትልቁ ሀብት እሱ ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍል ሀብት መሆኑን ግን አልክድም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅዝቃዜው ልጀምር። ሳትየንድራ ናት ቦዝና አልበርት አይንስታይን በ1924 እና በ1925 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ቦዞን ከሚባለው ወገን የሆኑ አንድ ዓይነት አቶሞች በበቂ መጠን ከቀዘቀዙ አብዛኞቹ ወደ አንድ የጋራ የኳንተም ሁኔታ ይጠራቀማሉ። ሐሳቡ በጋዝ ላይ በተግባር እስኪታይ ድረስ 70 ዓመት ፈጅቷል። በ1995 ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዋይማን በቦልደር፣ ኮሎራዶ፣ የሩቢዲየም ጋዝን ከፍጹም ዜሮ በላይ ወደ 170 ቢሊዮንኛ ኬልቪን አውርደው ይህን ሁኔታ ፈጠሩ፤ በዚያው ዓመት ቮልፍጋንግ ኬተርለ በሶዲየም ደገመው፤ ሦስቱም በ2001 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። የዚህ ሁኔታ ስም የቦዝ-አይንስታይን ኮንደንሴት ነው።

ለዛሬው ርእሳችን ግን ቅዝቃዜው የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። በክፍል ሙቀት አንድ የሩቢዲየም አቶም በሴኮንድ ወደ 300 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ይህ አቶም 780 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የብርሃን ቅንጣት፣ ቢውጥ ወይም ቢተፋ ፍጥነቱ የሚለወጠው በሴኮንድ 6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በ300 ሜትር ሩጫ ላይ ይህች ግፊት የምትታይ አይደለችም። በኮንደንሴት ውስጥ ግን የአቶሞቹ የራሳቸው እንቅስቃሴ ከአንድ ፎቶን ግፊት ያነሰ ነው። ስለዚህ አንድ ፎቶን የገፋው አቶም ካልተገፋው በግልጽ ይለያል፤ «የቆመ» እና «አንድ ጊዜ የተገፋ» የሚባሉ ሁለት ንጹሕ ሁኔታዎችም ይገኛሉ ማለት ነው። ይህን ነጥብ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ አንድ የቆየ ክርክር የሚፈታው በእሱ ነው።

ወደ መስተዋቶቹ እንሂድ። በዙሪክ የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም የቲልማን ኤስሊንገር ቡድን በተጠቀመበት ካቪቲ በመስተዋቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከ0.2 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። መስተዋቶቹ እንደ ቤት መስተዋት በብር የተለበጡ አይደሉም፤ ብርሃንን በተለያየ መጠን የሚሰብሩ ስስ ንብርብሮች ተደራርበውባቸዋል፤ ከየንብርብሩ የሚመለሱት ሞገዶችም ተደጋግፈው ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ በሚያሰኝ ደረጃ ይመልሱታል። ወደዚያ የገባ አንድ ፎቶን አምልጦ ከመውጣቱ በፊት በአማካይ 100,000 ጊዜ ያህል ይንጸባረቃል። ያም ሆኖ ዕድሜው ከ100 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ በታች ነው፤ ይህን በመሰለች ቅጽበት ግን በጠባቧ ክፍተት ውስጥ እየተመላለሰ ከ15 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በየዙሩም በዚያው አቶም በኩል ያልፋል።

ካቪቲ የአቶምንና የብርሃንን ግንኙነት እንደሚለውጥ ኤድዋርድ ፐርሴል በ1946 ጠቁሞ ነበር፤ በኋላም የፓሪሱ ሰርዥ አሮሽ፣ የካሊፎርኒያው ጄፍ ኪምብልና ሌሎችም በነጠላ አቶሞች ላይ ጥልቅ ሥራ ሠርተዋል። እኔ የማተኩረው በነጠላው አቶም ላይ ሳይሆን በጭፍራው ላይ ነው። አንድ አቶም ከካቪቲው ብርሃን ጋር ያለው የግንኙነት ጥንካሬ አንድ ቢሆን፣ በአንድነት የሚሠሩ 10,000 አቶሞች ጥንካሬ የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 100 ይሆናል። በ2007 የኤስሊንገር ቡድንና በፓሪስ የያኮብ ራይኼል ቡድን ኮንደንሴትን በካቪቲ ውስጥ አስገብተው ይህን የጋራ ጥንካሬ ለየብቻ ለኩ፤ ሥራዎቻቸውም በአንድ ላይ ታትመው ወጡ።

የመተባበሩ ሐሳብ ራሱ ከዚህ ሁሉ የቆየ ነው። በ1954 ሮበርት ዲኪ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሣ፦ ኢነርጂ ተሸክመው የተነቃቁ ብዙ አቶሞች በአንድ ስፍራ ቢታጨቁና ብርሃኑን የትኛው አቶም እንደተፋው መለየት ባይቻል ምን ይሆናል? ለየብቻቸው የሚያበሩ 1,000 አቶሞች የአንዱን 1,000 እጥፍ ብርሃን ይሰጣሉ። ሞገዶቻቸው እኩል ከተራመዱ ግን መጀመሪያ የሚደመረው የሞገዱ ከፍታ ነው፤ የብርሃኑ ብርታት ደግሞ የከፍታው ስኩዌር በመሆኑ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይደርሳል። ኢነርጂ ከየትም አልተፈጠረም፤ የተጠራቀመው ያው ስለሆነ ብልጭታው በዚያው ልክ ያጥራል። ይህ ክስተት ሱፐርራዲያንስ ይባላል። ተቃራኒውም አለ፤ አቶሞቹ በተቃራኒ ርምጃ ከተራመዱ ሞገዶቻቸው ይሰራረዙና እያንዳንዳቸው ማብራት የሚችሉ አቶሞች በአንድነት ሲሆኑ ይጨልማሉ።

በክፍት ቦታ የዲኪን ሁኔታ ማሟላት አስቸጋሪ ነው፤ አቶሞቹ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ባነሰ ስፍራ ሲታጨቁ ርስ በርስ እየተነካኩ ስምምነቱን ያፈርሱታል። ካቪቲ ይህን ችግር ያስወግዳል። በመስተዋቶቹ መካከል ሊቆም የሚችለው ሞገድ ቅርጹ የተወሰነ ነው፤ ሁሉም አቶሞች የሚያበሩትም ወደዚሁ አንድ ሞገድ ነው፤ ስለዚህ ፎቶኑ ከየትኛው እንደመጣ የሚናገር ምልክት አይኖረውም፤ አቶሞቹ በመካከላቸው የቱንም ያህል ቢራራቁ ለውጥ የለውም።

በ1973 ክላውስ ሄፕና ኤሊዮት ሊብ የዲኪን ሐሳብ አንድ ርምጃ ወደፊት ወሰዱት። በአቶሞቹና በብርሃኑ መካከል ያለው ግንኙነት ከአንድ ወሳኝ መጠን ካለፈ፣ ሥርዓቱ ዝቅተኛ በሆነው የኢነርጂ ደረጃው ላይ እያለ እንኳ በራሱ በብርሃን ይሞላል የሚል ስሌት አቀረቡ። ይህ ውኃ ወደ በረዶ እንደሚለወጥበት ያለ የፌዝ ሽግግር ነው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ1975 የፖላንድ ተመራማሪዎች ተቃወሙ፦ ከስሌቱ የተተወ፣ የብርሃን መስኩን ስኩዌር የያዘ አንድ ክፍል አለ፤ እሱ ሲጨመር ወሳኙ መጠን እየሸሸ ይሄዳል እንጂ አይደረስበትም አሉ። ተቃውሞው ውሃ የሚያነሳ ነበር፤ ለተፈጥሯዊ አቶሞችና ለብርሃን ብቻ ከሆነ ሽግግሩ ለረጅም ጊዜ በወረቀት ላይ ቀርቷል።

መውጫው የተገኘው የአቶሙን ሁለት ሁኔታዎች በመለወጥ ነው። «ያልተነቃቃ» እና «የተነቃቃ» በማለት ፋንታ ቅድም ያነሣኋቸውን «የቆመ» እና «የተገፋ» የሚሉትን ሁለት ሁኔታዎች እንውሰድ። የጎኑ ሌዘር ፎቶን ያቀርባል፤ አቶሙ ፎቶኑን ከሌዘሩ ወስዶ ወደ ካቪቲው ያስተላልፋል፤ በዚህ ርክክብ ወደ ሰያፍ አቅጣጫ ይገፋል። በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል ያለው የኢነርጂ ልዩነት በድግግሞሽ ሲለካ ጥቂት ኪሎኸርዝ ነው፤ የብርሃኑ የራሱ ድግግሞሽ ግን በመቶ ትሪሊዮኖች ኸርዝ የሚቆጠር ነው። የግንኙነቱን ጥንካሬ የሚወስነው የሌዘሩ ብርታት ስለሆነ ደግሞ ሙከራ አድራጊው እንደፈቀደ ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የ1975ቱ ተቃውሞ ከውጭ ብርሃን በማይቀርብለት ሥርዓት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ እዚህ አይሠራም።

አሁን በካቪቲው ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ሌዘሩ ከጎን ይገባል፤ ድግግሞሹ ከአቶሙ የተፈጥሮ ድግግሞሽ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ አቶሙን አያነቃቃውም፤ ለካቪቲው ድግግሞሽ ግን ቅርብ ነው። አቶሞቹ በእኩል ተሰራጭተው ባሉበት ጊዜ ወደ ካቪቲው የሚበትኑት ብርሃን ይሰራረዛል፤ ምክንያቱም የሞገዱ ጫፍ ወደ ላይ በሆነበት ስፍራ ለቆመ አቶም ሁሉ ጫፉ ወደ ታች በሆነበት ስፍራ የቆመ ሌላ አቶም አለ። ስለዚህ ሌዘሩ እየበራ ካቪቲው ይጨልማል። ይሁንና የአቶሞቹ ስርጭት ፈጽሞ እኩል ሊሆን አይችልም፤ ሁልጊዜ ጥቂት መዋዠቅ አለ። በአጋጣሚ በአንደኛው ዓይነት ስፍራ ጥቂት አቶሞች ከበለጡ መሰራረዙ ይጎድላል፣ ጥቂት ብርሃን ወደ ካቪቲው ይገባል። ይህ ብርሃን ከጎኑ ሌዘር ጋር ተደራርቦ እንደ ዳማ ገበታ የተፈራረቁ ብሩህና ደብዛዛ ስፍራዎችን ይሠራል። አቶሞቹ በዚህ ድግግሞሽ ወደ ብሩሁ ስለሚሳቡ ቀድሞ ወደበለጡበት ወገን ይሰበሰባሉ፤ ሲሰበሰቡ የሚበትኑት ብርሃን ይጨምራል፤ የጨመረው ብርሃን ገበታውን ያጠነክረዋል።

ይህን የሚገታው አቶሞቹ በጠባብ ስፍራ ለመወሰን የሚከፍሉት የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ነው። ሌዘሩ ደካማ እያለ ዋጋው ከጥቅሙ ይበልጣል፣ መዋዠቁም ተነሥቶ ይጠፋል። ሌዘሩ ወሳኙን ብርታት ሲያልፍ ሚዛኑ ይደፋል፤ ጋዙ በራሱ የተሰለፈ ክሪስታል ይሆናል፤ ካቪቲውም በድንገት ይበራል። ማንም አቶሞቹን በየቦታቸው አላስቀመጣቸውም፤ ከውጭ የተጫነ ገበታም አልነበረም። የሌዘሩ ድግግሞሽ ከካቪቲው ድግግሞሽ ወደ ተሳሳተው ወገን ከዞረ ግን ብርሃኑ ስብስቡን የሚበትን ይሆናል፤ ሰልፍም አይመጣም።

ይህን ሂደት ፒተር ዶሞኮሽና ሄልሙት ሪች በ2002 በስሌት ተነበዩት። በቀጣዩ ዓመት በስታንፎርድ የቭላዳን ቩሌቲች ቡድን በሌዘር በቀዘቀዙ የሲዚየም አቶሞች ላይ አየው። እነዚያ አቶሞች ግን ገና ኮንደንሴት አልነበሩም፤ ሰልፉን የሚቃወመው የሙቀት እንቅስቃሴያቸው ነበር። በ2010 የዙሪኩ ቡድን ወደ 100,000 በሚጠጉ የሩቢዲየም አቶሞች ኮንደንሴት ሙከራውን ሲሠራ ተቃዋሚው የኳንተም እንቅስቃሴ ብቻ ሆነ፤ በዚያም ከ37 ዓመታት በፊት የተሰላው የዲኪ ሽግግር በግልጽ ታየ። ቡድኑ የሌዘሩን ብርታት ቀስ እያለ ሲጨምርና ሲቀንስ፣ ከካቪቲው የሚወጣው ብርሃን ወሳኙ ነጥብ ላይ ሲበራና ሲጠፋ ተከታትሎታል።

ከገበታው ሁለት ዓይነት ቤቶች አቶሞቹ የትኞቹን ይመርጣሉ? ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ሕጉ አያዳላም። አንዱ ሲመረጥ ግን ይህ እኩልነት፣ ማለትም ሲሜትሪው፣ ይሰበራል። ምርጫው በብርሃኑ ላይ ይጻፋል፦ በአንደኛው ሰልፍ የሚወጣው ብርሃን ሞገድ ከሌዘሩ ጋር እኩል ይራመዳል፣ በሌላኛው የግማሽ ሞገድ ልዩነት ይኖረዋል። ስለዚህ አቶሞቹን ሳይነኩ፣ ሾልኮ ከወጣው ብርሃን ብቻ፣ ክሪስታሉ የትኛውን ወገን እንደያዘ ማንበብ ይቻላል። በሌሎች የቀዝቃዛ አቶም ሙከራዎች አንድን ነገር ለማየት ብዙውን ጊዜ ጋዙን ለቅቆ በምስል ማንሣት፣ ማለትም ማጥፋት፣ ከዚያም እንደገና ማዘጋጀት ግድ ነው። እዚህ ግን ሽግግሩ በሚሊሴኮንዶች ውስጥ እየሆነ ሳለ የሚሆነው ይነበባል። በዚህ ላይ ጥቂት ባጋንን ይቅርታ አይጠየቅበትም ባይ ነኝ።

የሚወጣው ብርሃን ያመጣው ለውጥ ግን በማንበብ አያበቃም። ፎቶን በወጣ ቁጥር ሥርዓቱ ኢነርጂና መረጃ ያጣል፤ ሌዘሩ ደግሞ አዲስ ያቀርባል። ይህ በሚዛን ያረፈ ሥርዓት አይደለም፤ እየገባለትና እየወጣለት ጸንቶ የሚቆይ ሥርዓት ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ያለው የፌዝ ሽግግር ትምህርት የተሠራው ለሚዛን ስለሆነ በቀጥታ አይገጥመውም። ወደ ወሳኙ ነጥብ ስንቀርብ የአቶሞቹ መዋዠቅ ወሰን አልባ እየሆነ ይሄዳል፤ በምን ፍጥነት እንደሚያድግ የሚናገረው ቁጥር ምንም ብርሃን ለማያመልጠው ሥርዓት ግማሽ ነው፣ ብርሃን ለሚያመልጠው ግን አንድ ነው። በ2013 የዙሪኩ ቡድን ይህን መዋዠቅ በሚወጣው ብርሃን ላይ በቀጥታ ተከታትሎ ከዝግ ሥርዓት ከሚጠበቀው በግልጽ የተለየ ሆኖ አገኘው። መስኮቱ የሚያሳየንን ነገር መስኮቱ ራሱ ለውጦታል ማለት ነው። ፎቶኖቹ በአጋጣሚ ሲወጡ አቶሞቹን በአጋጣሚ ይነቀንቋቸዋል፤ የማንበቡ ዋጋ ይህ ነው።

ይህን ዘርፍ ከሩቅ የሚያዩ አንዳንድ ባልደረቦች አንድ ቅሬታ አላቸው፦ እያንዳንዱ አቶም ከሁሉም ጋር እኩል የሚገናኝ ከሆነ እያንዳንዱ የሚሰማው የሁሉንም አማካይ ብቻ ነው፤ አማካይን ማስላት ደግሞ ቀላል ነው፤ ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው? ቅሬታው ለመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በከፊል እውነት ነው። መልሱ የተገኘው ረጅሙን ግንኙነት ከአጭሩ ጋር በማፎካከር ነው። በ2016 የኤስሊንገር ቡድን አቶሞቹን በሌሎች ሌዘሮች በተሠራ ገበታ ውስጥ አስገብቶ፣ በአንድ ቤት ሲገናኙ እንዲገፋፉ፣ በካቪቲው ብርሃን ደግሞ ከሁሉም ጋር እንዲሳሳቡ አደረገ። ሁለቱ ዝንባሌዎች ሲታገሉ አራት የተለያዩ የቁስ ሁኔታዎች ወጡ፦ ያለ ሰበቃ የሚፈስስ ሱፐርፍሉይድ፣ አቶሞቹ በየቤታቸው የታሰሩበት፣ በፊዚክሰኛው ኔቪል ሞት ስም የተጠራው የሞት ኢንሱሌተር፣ ታስረውም በተፈራረቁ ቤቶች የተሰለፉበት ሁኔታ፣ እንዲሁም በሰልፍ ቆመው ሳለ የሚፈስሱበት ሱፐርሶሊድ የሚባለው። በሐምቡርግም የአንድሪያስ ሄመሪች ቡድን በተመሳሳይ ጊዜ ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል። እዚህ ላይ አማካዩ ብቻውን አይበቃም።

ሌላው ጉድለት የክሪስታሉ ግትርነት ነበር። በአንድ ካቪቲ ውስጥ የሚሠራው ገበታ የተወሰኑ ሁለት ቦታዎች ብቻ አሉት። በ2017 የዙሪኩ ቡድን በ60 ዲግሪ የሚቆራረጡ ሁለት ካቪቲዎችን ሠርቶ ከሁለቱም ጋር እኩል የሚገናኝ ኮንደንሴት አስቀመጠ። አቶሞቹ ብርሃኑን ለሁለቱ በፈለጉት ድርሻ ማካፈል ስለሚችሉ ክሪስታሉ በሁለት ቦታ ሳይወሰን በማናቸውም ቦታ ሊቆም ቻለ፤ የት እንደቆመም ከሁለቱ ካቪቲዎች የሚወጡትን ብርሃኖች በማነጻጸር ይታወቃል። ይህም ሆኖ ሙሉው ክሪስታል እንዳለ ይንሸራተታል እንጂ በውስጡ አይታጠፍም፤ ድምፅን ሊያስተላልፍ አይችልም፤ ድምፅ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲገፋ የሚፈጠር ነውና፣ ሁሉም ከሁሉም እኩል በተገናኘበት ጎረቤት የሚባል የለም። በስታንፎርድ የቤንጃሚን ሌቭ ቡድን እጅግ ብዙ የሞገድ ቅርጾችን በአንድ ድግግሞሽ የሚያስተናግድ ካቪቲ በመጠቀም ግንኙነቱን በርቀት ወሰነው፤ በ2021ም ድምፅ የሚጓዝበት የብርሃን ክሪስታል አሳየ። ለእኔ ከዚህ ዘርፍ ሥራዎች ሁሉ ጎረቤትነትን በመስተዋት ቅርጽ መሥራት መቻሉ እጅግ የሚያስደንቀኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፍ። በ2022 የሐምቡርጉ ቡድን ፎቶን በካቪቲው የሚቆይበትን ጊዜ አቶሞቹ ከሚንቀሳቀሱበት ጊዜ ጋር በማቀራረብ፣ ብርታቱ በማይለወጥ ሌዘር እየተነዱ የካቪቲው ብርሃን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚልበትን ሁኔታ አየ፤ ሙከራው በተደገመ ቁጥር ውጣ ውረዱ ከሌላ ቅጽበት ይጀምራል፤ ይህም ሲሜትሪው በጊዜ ላይ ተሰበረ ማለት በመሆኑ የጊዜ ክሪስታል ተብሏል። በ2023 ደግሞ በሎዛን የዣን-ፊሊፕ ብራንቱ ቡድን ብርሃን የሚያገናኘውን ሰልፍ በጠንካራ ሁኔታ በሚገፋፉና በሚሳሳቡ የሊቲየም-6 አቶሞች ላይ፣ ማለትም በአንድ ሁኔታ መጠራቀም በተከለከሉት ፌርሚዮኖች ላይ አሳይቷል።

በመጨረሻ ጥቅም ሊሰጥ የተቃረበውን ጉዳይ ላንሣ። የዓለም ትክክለኛ ሰዓቶች የሚሠሩት የሌዘርን ድግግሞሽ ከአቶም ድግግሞሽ ጋር በማስተያየት ነው፤ ሌዘሩ ራሱ የሚረጋው ከመስተዋት ጥንድ ጋር ታስሮ ሲሆን፣ የመስተዋቶቹ አቶሞች በሙቀት ስለሚርገበገቡ ርቀታቸው ይዋዥቃል፤ ድግግሞሹም አብሮ ይዋዥቃል። ትዝታውን በመስተዋቶቹ መካከል ባለው ብርሃን ሳይሆን በአቶሞቹ ውስጥ የሚያኖር ሌዘር ቢሠራ የመስተዋቱ መርገብገብ ብዙም አይጎዳውም። በ2012 በቦልደር የጄምስ ቶምፕሰን ቡድን ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሩቢዲየም አቶሞች ርምጃቸውን አስማምተው የሚያበሩበት፣ በካቪቲው ውስጥ በማናቸውም ጊዜ በአማካይ 0.2 ፎቶን ብቻ የሚገኝበት ሌዘር አሳየ። በተለመደው ሌዘር ብርሃኑ በብዛት ይጠራቀማል፤ እዚህ ግን እንደተፈጠረ ይወጣል፤ ሾልኮ መውጣቱ ለማሽኑ ሥራ ግዴታ ነው። በ2016 ይኸው ቡድን ሥራውን ወደ ስትሮንቲየም የሰዓት ሽግግር፣ ማለትም ሰዓቶች ድግግሞሹን ወደሚጠቀሙበት የአቶሙ የኢነርጂ ሽግግር፣ ወሰደው። አንድ የተነቃቃ የስትሮንቲየም አቶም ብቻውን ቢተው ፎቶኑን ለመልቀቅ ከ100 ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል፤ በካቪቲው ውስጥ በአንድነት የተሰለፉት ግን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በአንድ ብልጭታ አበሩ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ መንገድ የአቶሞቹን የመለኪያ መዋዠቅ መቀነስ ነው። ርስ በርሳቸው የማይገናኙ አቶሞች ሲለኩ የሚፈጥሩት ስሕተት የሚቀንሰው በቁጥራቸው ስኩዌር ሩት ብቻ ነው፤ ትክክለኛነቱን በአሥር እጥፍ ለማሻሻል መቶ እጥፍ አቶም ያስፈልጋል። በካቪቲ ብርሃን ተገናኝተው በኳንተም ትስስር የታሰሩ አቶሞች ግን የአንዱ መዋዠቅ የሌላውን እንዲያካክስ ማድረግ ይቻላል። የስታንፎርዱ ማርክ ካሴቪች ቡድን በ2016 በግማሽ ሚሊዮን የሩቢዲየም አቶሞች የመዋዠቁን ስኩዌር ወደ መቶኛ አወረደው። በ2020 ደግሞ የቩሌቲች ቡድን፣ አሁን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ፣ ወደ 350 በሚጠጉ የይተርቢየም አቶሞች ይህን ትስስር በእውነተኛ የብርሃን ሰዓት ላይ አዋለው።

የስትሮንቲየሙ ብልጭታ ግን አንድ ብልጭታ ብቻ ነው፤ አቶሞቹ ኢነርጂያቸውን ከጨረሱ በኋላ እንደገና መዘጋጀት አለባቸው። ሰዓት እንዲሆን የሚፈለገው ሳያቋርጥ የሚያበራ ሌዘር ነው። ለዚህም ከአንድ ወገን አዳዲስ ቀዝቃዛ አቶሞች ወደ ካቪቲው ሳያቋርጡ መግባት፣ በሌላ ወገን የደከሙት መውጣት፣ በዚህ ሁሉ መተካካት መካከልም አዲስ ገቢዎቹ ቀድሞ በነበሩት ርምጃ መግባት ይኖርባቸዋል። የማቀዝቀዣው ሌዘር ከሰዓቱ ብርሃን በብዙ የሚበረታ በመሆኑ አቶሞቹን የሚያቀዘቅዘው በአንደኛው ክፍል፣ የሚያበሩት ደግሞ በሌላኛው እንዲሆን ያስገድዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ጉዞ አቶሞቹ ሳይሞቁ እንዲጨርሱት ማድረግ በአሁኑ ጊዜ በበርካታ ቤተ ሙከራዎች በትጋት እየተሠራበት ያለ ጉዳይ ነው።